የቅርቡ ዓይን

ቫርዶ ላይ በኅዳር ፀሐይ ትሰናበታለች፤
እስከ ጥር ድረስ ደብዛዋን አጥፍታ ትከርማለች።
ወደቡ በቀትር መብራት ይለኩሳል፤
ዓሣ አጥማጁ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይመለሳል።
እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ልጆች አነሣለሁ፤
መዋዕለ ሕፃናቱ ጓዳ፣ ካፖርት መስቀያው ሥር ድንኳኔን እተክላለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት፣ ያላንዳች ሐፍረት፣
ፍላሹን ግንባር ለግንባር ለቀቅኩት።
ሃያ ሁለት ልጅ እጅ ከፍንጅ እንደ ተያዘ ሌባ አፈጠጠ፤
ጥላቸው ከኋላ፣ ግድግዳው ላይ፣ እንደ ጥቁር ካባ ተለጠጠ።
ዓይናቸው ፍም፣ ጉንጫቸው ሊጥ፤
አንዲት እናት አየችና ዝም ብላ መለሰችልኝ፣ እዚያው ፖስታው ውስጥ።
«ልጄን መብረቅ አልመታውም» አላለችም፤
ማለትም አላስፈለጋትም።

ከዚያ ወዲያ የፍላሹን አንገት ወደ ላይ ጠመዘዝኩ።
ብርሃኑን ወደ ጣሪያው ላክኩ።
በቀጥታ ቢነገር የሚያስቀይም ነገር
በሽማግሌ ሲላክ እንደሚለዝብ፣
ዞሮ ወረደ፤ አገጭ ሥር ገባ፤ ማንንም ሳያስደነብር።
(ጣሪያው ቢጫ ስለ ነበር ልጆቹም አንድ ክረምት ቢጫ ወጡ።
በገዛ ገንዘቤ ነጭ ቀባሁት። አስተማሪዋ ቦርግሂል
ፀጉሬ ላይ የተንጠባጠበውን ዛሬም ታነሣብኛለች።)

ትኩረት ግን ሌላ ጣጣ ነው።
እኔ ዓይን ስል ካሜራው የሹራብ ቁልፍ ይወዳል፤
ልጅ ደግሞ አይጠብቅ፤ ጣቴ እስኪወርድ ይነጉዳል።
ጥርት ብሎ የወጣው ጆሮ፣ ጥርት ብሎ የወጣው ንፍጥ፤
ፊቱ ግን ጉም ውስጥ።
«ከሁለቱ ዓይን የቅርቡን ያዝ፤ የሩቁ ይከተላል»
አለኝ አሮጌው ሄልመር፣ የዓሣ ሆድ እየቀደደ፣
ካሜራ ከነካ ሃያ ዓመት የሄደ።
የቀሩትን ነጥቦች አጥፍቼ አንዷን ብቻ ተውኩ።

ዘንድሮ ሲቨርት መጣ። አራት ዓመቱ ነው።
«ወደዚህ» ስለው ወደዚያ፣
«ፈገግ» ስለው ምላሱን።
ተንበረከክኩ። ሌንሱ ከአፍንጫው ትይዩ ሆነ።
«እዚህ ውስጥ ምን ይታይሃል?»
ቀረበ። ተነፈሰበት። መስተዋቱ አላበው፤ በእጅጌው ወለወለልኝ።
«ትንሽ ሰውዬ» አለ። «ተዘቅዝቋል።»
ሊያረጋግጥ ራቅ ሲል
የቅርቡን ዓይን ያዝኩ፤ ለቀቅኩ።
ብሌኑ ውስጥ ነጩ ጣሪያ፤
ከሥሩ ደግሞ እኔ፣ ቀጥ ብዬ፣ ምስር አክዬ።

«አሁን የኔ ተራ» አለ።
ካሜራው ይከብደዋል፤ በአንድ እጄ ከሥሩ ደገፍኩለት።
የፍላሹን አንገት ራሱ አዞረው፤ ወደ እኔ።

ነጭ።
ለአፍታ ቦርግሂልም፣ ካፖርቶቹም የሉም።

ያ ፎቶ አሁን ሱቄ መስኮት ላይ ተሰቅሏል፤
ፊቴ ሊጥ፣ ዓይኔ ፍም።
ጥርት ያለው ጉልበቴ ብቻ ነው፤
የሱሪው ክር፣ የወለሉ አቧራ፣
ተጣብቆ የቀረ አንድ አረንጓዴ የእርሳስ ቀለም ስባሪ፣
ሁሉም ይቆጠራል።