ማን ልበል?

ከለገጣፎ አስፋልት ወርዶ፣ ኮብልስቶኑም ሲያልቅ፣
ባለባጃጁ «ጎማዬን!» ብሎ ጭቃውን ሲሳቀቅ፣
በግራ ገብስ፣ በቀኝ ልስን ያልነካው ፎቅ፤
እናቴ ያለችበት ቤት መሀላቸው ነው።
በሩ አረንጓዴ ነው። ከውስጥ ነው የሚቆለፈው።

ሲስተር ኩለኒ ቁልፉን ካንገቷ አውልቃ ከፈተች።
«ዛሬ ሥራ በዝቶባታል» አለችኝ እየሳቀች፤
«ከሌሊት ጀምራ ደሴን ከጅማ ስታገናኝ አረፈደች።»

ንጋቷ ወርዶፋ፣ እናቴ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የቴሌ ኦፕሬተር፤
አገር ሙሉ በጆሮዋ ሲያለቅስ፣ ሲዋዋል፣ ሲማከር
ሰምታ እንዳልሰማች የኖረች።

የጎሬ ፖስታ ቤት ቁጥር? በቃሏ።
የእኔ ስም?
እሱን ተዉት።

ሰፈሩ «ጃጀች» አለ። ሐኪሙ «የመርሳት ሕመም ነው» አለ።
አክስቴ «እናት በወር ኪራይ!» ብላ ደጄን መርገጥ ተወች።
ጠበሉንም ሞክረናል። አርባ ቀን ሙሉ አጠመቅናት።
በአርባ አንደኛው ሌሊት ቀለበት መንገድ ላይ አገኘናት፣
በነጠላ ጫማ፣ እየሮጠች፣
የሌሊት ፈረቃ ረፍዶባት።

ያን ሌሊት ነው የቆረጥኩት።
ቆረጥኩ ስል፣ ቆረጠኝ።

አሁን የሹራቧን ቁልፍ ፈትታ፣ የነጠላዋን ዘርፍ ጠምዝዛ፣
በየቀዳዳው ትሰካለች፤ አንዱን ነቅላ፣ ሌላ ይዛ።
«ሃሎ ደሴ! ደሴ! ጅማዎች መስመር ላይ አሉ!»
ሻምበል ጓንጉል፣ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው፣ ይጠብቃሉ።
የሐረር ጥሪ ነው። ሚስታቸው። ከሞተች አሥራ ስንት ዓመቷ፤
እሳቸው ረስተው፣ እሷ አትነግራቸው፣
«ተራዎን» ይላል አንደበቷ።

ሌላ እሑድ ቢሆን «እማዬ፣ እኔ ነኝ» እላለሁ፤
ዓይኗ ሲሸሸኝ አያለሁ፤
ብርቱካን ልጬ እሄዳለሁ።

ዛሬ ወንበር ስቤ ጎኗ ቁጭ አልኩ።
መዳፌን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ።
«ሃሎ፣ ማዕከል?»

ጀርባዋ ቀጥ አለ። ሃያ ዓመት ከትከሻዋ ወረደ።
«አቤት፣ ማዕከል ነው። ማንን ላገናኝ?»
«ወይዘሮ ንጋቷ ወርዶፋን።»

ዘርፏን ዳበሰች። ቀዳዳ መረጠች።
ሰካች።
ጠበቀች።
ውጭ የጎረቤቱ የብሎኬት ማሽን ዝም አለ፤ መብራት ሄደ መሰለኝ።
እንዲህ ጸጥ ያለ መስመር በዕድሜዬ አላጋጠመኝ።

«ይጠራል» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤
«ይጠራል። አያነሱም። ይደውሉ ሲነጋ።»

«እባክዎ» አልኳት። እናቴን አንቱ ስል የመጀመሪያዬ ነው።
«እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ። ከሩቅ ነው የምደውለው።»

«ማን ልበል?»

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። መታወቂያ አለኝ፣ ማኅተም ያለው፤
ስሜን ያወጣችው እሷ ናት፤
አሁን ግን ከጉሮሮዬ ማን ያውጣው?
«ልጃቸው» አልኩ። «ልጃቸው ይበሉ።»

ተቆጣች። «ልጃቸውማ ሕፃን ናት እኮ! ስልኩ ጋ አትደርስም።
ባለፈው በርጩማ ላይ ወጥታ፣ መቼም እሷ አትፈራም፣
ለገብርኤል ልደውል ብላ... ስንት ቁጥር ነው ስትለኝ...»
ሳቀች። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ቤት ሸተተኝ።
በርጩማው እግሩ ሰባራ ነበር። ወድቄ ግንባሬን ተሰፍቻለሁ፤
ጠባሳው አሁንም አለ፣
እሷ ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ።

እኔን ለእኔ አወራችኝ።
ጥርሴን፣ ትክትኬን፣ ሌሊት ሌሊት ማልቀሴን፤
ሥራ ስትሄድ በር ላይ ቀሚሷን ይዤ መቅረቴን።
«ምን ላድርግ» አለች፣ «ለሰው ትቻት ነው የምወጣው።
ለሰው ትቼ።»
እኔም አልኩ፣ በልቤ፦ ምን ላድርግ።

«ሦስት ደቂቃዎ አልቋል» አለች ድንገት፣ በሥራ ድምጿ። «ልጨምር?»
«ይጨምሩልኝ።»

ሻምበል ጓንጉል ግን ኮፍያቸውን አድርገው ተነሡ።
«ሐረርስ? ከጠዋት ጀምሬ!» እውነታቸውን ነው። ቀድመውኛል እሱ።
ዘርፉን ከእኔ ነቀለች።
«ሐረር፣ ይናገሩ።»

ሻምበል መዳፋቸውን ወደ ጆሯቸው አመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
«ሃሎ... አዎ። ደህና ነኝ።
እዚህ ብርድ ነው።
ካልሲዬን የት አደረግሽው?»