አሳሪ

ሺሞኖሴኪ ወደብ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ጉም ውስጥ፣
መርከቡ ደረሰ ከወዲያኛው ሰርጥ፤
ከሆዱ ወረደ ጆንያ በጆንያ
ሕይወት ያለው ሸቀጥ፣ ለሾርባ ገበያ።

አሳሪ ይሉታል፤ በእነሱ አንደበት
የአሸዋ ዛጎል ነው፣ የማዕበል ከብት፤
በእኔ ጆሮ ግን ስሙ እንደ ሥራው ነው፣
ጣት ሲቀርብ ደጁን ዘግቶ ራሱን የሚያስረው።

ኢሶጋይ በርከክ አለ፣ የጉምሩኩ ሰው፣
ጓንቱን ባፉ ስቦ አንዱን አነሣው።
ሃያ ሁለት ዓመት ከሰነድ ጋር ኖሮ
ወረቀት ሲዋሽ ያውቃል፣ በማኅተም አምሮ።
አንድ ዣንጥላ አይቷል፣ ዘንጉ ካንድ መንደር፣
ጨርቁ ከሌላ ባሕር፣ እጀታው ከሌላ ድንበር፤
ሦስት ቀን አከራክሮት፣ በአራተኛው ማታ
አገሩ ብሎ የጻፈው የሰፊዋን መርፌ ቦታ።

ነጋዴው ሞሪዋኪ እጁን አጣጥፎ
አንገቱን ሰብሮ ቆሟል፣ ፈገግታ አትርፎ፦
«ጫጩቱ ነው እንጂ ከሰሜን ዳር መጥቶ
ሁለት ዓመት አድጓል ሱንቾን ጭቃ በልቶ፤
ደንቡም ይፈቅዳል፤ ለሚተነፍስ ዕቃ
አገሩ ያ ነው፣ ዕድሜው የበዛበት ጭቃ።»

ኢሶጋይ ዝም አለ። ዛጎሉን በመጋዝ
ለሁለት ከፈለው፤ እንደ ክር ሲመዘዝ
መስመር በመስመር ላይ፣ ክረምት የቆመበት፣
በጋ የሰፋበት፣ ውኃ የተቀየረበት።
ዛጎል እንደ ጸሐፊ መደለዝ አያውቅም፤
የጠጣውን ባሕር ጽፎ አይፍቅም።

ሃያ ወር ጥቁር መስመር፣ የቀዝቃዛ ውኃ፣
ከዚያ ጠርዙ ላይ ጭረት፣ ዘጠኝ ቀን ብቻ።
ሱንቾን ማለት ይቺ ናት፤ የዘጠኝ ቀን ማረፊያ፣
የጆንያ መለወጫ፣ የስም መስፊያ።

«ሻይ ብንጠጣስ?» አለ፣ ድምፁን አሳንሶ።
«ውድቅ» አለ ማኅተሙ፣ ወረቀቱን ነክሶ።

ጥግ ላይ፣ ከባልዲዎች መሃል፣ ጎንበስ ብላ
ኦክቡን ትለቅማለች፣ የሞተውን ከሕያው ነጥላ፤
ሁለቱን ታጋጫለች፣ ድምፁን ታዳምጣለች፣
ባዶ የጮኸውን ወደ ባሕር ትጥላለች።
ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። እዚሁ ተወለደች፣
ከዓሣ ተራው ጀርባ፤ እዚሁ አገባች፣ እዚሁ ቀበረች።
ኪሷ ያለው ካርድ ግን፣ አገር በሚለው ረድፍ፣
የጠፋ መንግሥት ስም ነው፣ ካርታ ላይ የማይጻፍ፤
አባቷ በጀልባ ሲመጣ የነበረ፣
እሷ ሳትወለድ ለሁለት የተሰበረ።

ጓንቷን አወለቀች። «ኢሶጋይ ሳን» አለችው።
መዳፏን ከማጉያ መስታወቱ ሥር ዘረጋችው፣
የተሰነጣጠቀውን፣ ጨው የጻፈበትን፦
«ደንብህ ደግ ደንብ ነው፤ እስኪ እኔንም ቁጠር፤
ስንቱ ነው የወዲያ፣ ስንቱ የዚህ አፈር?»

ሳቀች፤ ቀልድ ነበር። ምናልባት ግማሹ።

እሱ ግን አልሳቀም። ዓይኑ እዚያው ቀረ፤
ጥቁሩን መስመር ፈለገ፤ አልነበረ።
ቅጹን ገለጠ፦ ክብደት፣ ብዛት፣ የመርከብ ስም፤
ለእንዲህ ያለው ነገር የተተወ ቦታ የለም።
«እጅሽ ቆስሏል» አላት ኋላ፣ ፊቱን አዙሮ፣
«ቅባት አለኝ፣ ቢሮ።»

ቀኑ ገፋ። ጆንያዎቹ ወደ መጡበት ሊጫኑ
ዝናብ ላይ ተሰልፈዋል።
ባልዲ ሥር የቀረች አንዲት አሳሪ፣
ማንም ያልቆጠራት፣
ኮቴው ሲርቅ፣ ጨለማው ሲረጋ፣
ደጇን በጥቂቱ ከፈት አደረገች፤
ምላሷን አውጥታ
የማን እንደሆነ ያልጠየቀችውን ውኃ
ቀመሰች።