ትርፉ ያንቺ ነው

ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ፣ ውርጩ ሳይለቅ ገና፣
ቦንዳ ተፈቷል አሉ፣ ከጋሽ ሸዋቀና።
ሦስት መቶ ብር ሰጥቼ፣ «ትርፉ ያንቺ ነው» ብዬ፣
ፊት እሷን ባዘልኩበት፣ ዝምታን አዝዬ፣
ቆምኩ።

ሐመልማል ጎንበስ ብላ፣ ክምሩ ውስጥ ገባች፤
ብብቱን ፈተሸች፣ ዚፑን ሳበች፣ ዘጋች፤
ብል በልቶት እንደሁ፣ ለፀሐይ ዘረጋች።
«አራት መቶ!» ሲላት፣ ሣቀችበት ልጄ፤
እኔ ነኝ የደነገጥኩ፣ አፌ ላይ ነው እጄ።
ጥላው ሄደች፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ርምጃ፤
«ነይ፣ በሁለት መቶ ሃምሳ! የማን ልጅ ነሽ እንጃ!»

ለበሰችው ኮቱን፣ ግራጫ ስልቻ፤
ከእጅጌው የሚታይ፣ የጣቷ ጫፍ ብቻ።
«ይሰፋሻል» ብላት፦
«ዘንድሮ እጅጌው ይታጠፍ፣ ለከርሞ ልክ ይሆናል፤
ከዚያ ለስንሻው ነው፤ ሦስት ክረምት ይሄዳል።»

ሒሳቧ ልክ ነበር፤ እኔው ያስተማርኳት ነው።
ብቻ አንድ ቀይ ነበር፣ ከዳር የሰቀለው፣
በልኳ የተሰፋ፣ ቁልፉ ጽጌረዳ፤
ሁለቴ ዳሰሰችው፣ አለፈች እንደ እንግዳ።
ይህንንስ ከማን ተማረች? አልጠየቅኳት እኔ፣
ስዳስስ፣ ስተው የኖርኩ፣ እሷን ይዤ ከጎኔ።

ጠባሴ ስንደርስ፣ ሃምሳዋን አወጣች፤
«እማ፣ ብርድ ነው፤ ሻይ ልጋብዝሽ» አለች።