ሦስተኛው ቅጂ

ፓራና ወንዝ ዳር፣ ከእህል ወደቡ በር፣
መኪና በመኪና ጭራ ላይ አፍንጫውን ደግኖ ሲያድር፣
አኩሪ አተር ጭኖ፣ አቧራ ለብሶ፣
ከሚዛኑ ቤት አንድ ድምፅ ይወጣል ሌሊቱን በርብሶ፤
ጥርርር… ዝም። ጥርርር… ዝም።
ኤልቢራ ታቦርዳ ግን ከለመደች ቆየች፣ አትሰማውም።

ዘጠኝ መርፌዎች ናቸው፣ ባንድ ዓምድ የቆሙ፣
አንዱ ካንዱ ራስ በላይ፣ ተራ ሲጠብቁ የማይጋደሙ።
ለእያንዳንዷ መርፌ የመዳብ ጥቅል አለቻት፣
ኤሌክትሪክ ሲነካት ማግኔት ሆና የምትወረውራት፤
መርፌዋም ቀለም የጠጣውን ጥብጣብ ወግታ፣
ነጥብ ጥላ ትመለሳለች፣ ከዓይን ጥቅሻ ቀድማ።
ራሱ ከግራ ቀኝ፣ ከቀኝ ግራ ይሮጣል፣
ሸማኔ መወርወሪያውን እንደሚልክ፤
ወረቀቱ ዳርና ዳሩን ተበስቶ፣ በጥርስ ተይዞ ይወጣል።
ፊደል አያውቅም እሱ፤ ነጥብ ብቻ ነው የሚያውቀው።
ስም ይሁን ኪሎ፣ ዕዳ ይሁን ክፍያ፣
ቃል የሚያደርገው ያ የሚያነበው ሰው ነው።

ከዋናው ቢሮ ፋኩንዶ መጥቶ ነበር ባለፈው ወር፣
ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ ጫማው ጭቃ የማያውቅ፤
«ይሄን ጩኸታም ጣይው፣ ሌዘር ላምጣልሽ» አላት፣
«ትንፋሹ እንኳ የማይሰማ።»
ሦስት ቅጠል አነሳች፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣
በየመካከሉ ካርቦን።
ነጩ የወደቡ፣ ቢጫው የባለ እህሉ፣
ሮዙ፣ የመጨረሻው፣ የሹፌሩ።
«ያንተ ጨዋ ላይ ላዩን ይቀባል» አለችው፣
«ይሄ ግን ይመታል። ሦስተኛው ድረስ የሚሰማው የተመታ ነው።»
ደግሞም የእህቷ ባል፣ የስጋ ፋብሪካው ደመወዝ ከፋይ፣
የታሸገ ፖስታ ያጎርሰዋል ለእንዲህ ያለው ማተሚያ፤
ያለ ጥብጣብ ከላይ ይመታል፣ ከውስጥ ይጻፋል፣
ባለቤቱ እስኪቀደው ድረስ የማንንም ደመወዝ ማንም አያይ።
ፋኩንዶ ሳቀ፣ ሄደ።

በሚያዝያ፣ ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት፣
ኢላሪዮ ጭነቱን ጉድጓድ ገልብጦ፣ ባዶውን ተመዝኖ፣
ደረሰኙን ሲጠብቅ፣
ማተሚያው እንደ ወትሮው ጮኸ፤ ጮኾ ሲያበቃ
መብራት ሄደ። ስክሪኑ ጠፋ፣ ቁጥሩም አብሮት።
በባትሪ ብርሃን ቢያዩ፣ ነጩ ወረቀት
እንደገባ ወጥቷል። ነጭ።
ጥብጣቡ ደርቆ ኖሯል፤
አዲስ ጠይቃ፣ «ይላካል» ተብላ፣ ሁለተኛ ወሯ።

አለቃው ባሩፋልዲ ከእንቅልፉ ተጠርቶ መጣ፣
ከካፖርቱ ሥር ፒጃማ።
«ባዶ ወረቀት ባዶ መኪና ነው» አለ፣
«ምን ያህል ብዬ ልክፈል?»
ኢላሪዮ አልመለሰም። ሦስት ቀን መንገድ፣ ሁለት ጎማ፣
የተበደረው ናፍጣ፣ ሁሉም ጉሮሮው ላይ ቆመ።

ኤልቢራ ካርቦኑን ገለጠች።
ቢጫው ላይ፣ ሰማያዊ። ሮዙም ላይ፣
ፈዘዝ ብሎ፣ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው፣ ግን እሱው፤
ሃያ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ኪሎ።
ሰሙ ነጥፎ ወርቁ ከታች ተገኘ፣
ቅኔ ያልሰሙ ሰዎች መካከል።

«የኔስ?» አለ ባሩፋልዲ። «የወደቡ ቅጂስ?»
ነጩን ገልብጣ አውራ ጣቱን ያዘችና አስነካችው።
እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ነጥብ በነጥብ አብጧል።
መነጽሩን አወለቀ፤ በጨለማው ቆሞ፣
ከንፈሩን እያነቃነቀ፣ በጣቱ ቆጠረ፤
ሁለት። ዘጠኝ። አራት።
ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጨረሰም፤ ፈረመ።

ኢላሪዮ ሮዙን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ፣
ሲጋራው እንዳይጨፈልቀው ከበስተኋላ።
መብራቱ ሲመለስ ኤልቢራ ጥብጣቡን አወጣች፣
የመኪና ዘይት ጠብ ጠብ አደረገችበት፣ ሲርስ ጠበቀች፤
ውጭ የቀጣዩ ጥሩንባ ሦስቴ ጮኸ።
ጥርርር… ዝም።

የዚያን ንጋት ደረሰኝ ሁሉ፣ ነጭ ነጩ፣
ጥጉ ላይ ጥቁር አውራ ጣት አለበት፣ የኤልቢራ።
እሱ ግን ሦስተኛው ቅጂ ላይ አልደረሰም።