እጅ ስጥ

ፓን ምጥ ሲይዛት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
እናቴ በኩራዝ «ቾን አምጣት» ስትለኝ፣
ኮርቻው ላይ ውርጩ ጨው መስሎ ነጥቶ
ሞተሬ ቆማለች፣ ትንፋሿ ጠፍቶ።
ሰባቴ ረገጥኳት፤ በስምንተኛው ሳለች፤
እንደ አሮጊት ሁሉ እያማረረች ተነሣች።

ጓንት አልገዛሁም። በእሑድ ገበያ
አንዱን ለክቼ ነበር፤ የዋጋው መክፈያ
ለአራስ ካሰብናቸው ዶሮዎች መሐል ሁለት
ሆነና መለስኩት፣ በፊት ከነበረበት።
ስለዚህ ካልሲ ነው፤ በካልሲው ላይ ፌስታል፤
በፌስታሉም ላይ ሌላ ካልሲ ይታከላል።
የዘይት ጀሪካን በቢላ ሰንጥቄ
ከመሪው አሥሬያለሁ፣ ለነፋስ ተጠንቅቄ።
አጎቴ ሚ ፖ ግን ይህን አይቶ ይስቃል፦
«ሚጥሚጣ ነስንስበት፣ እሱ ነው የሚሞቅ፣ ይበቃል!»
አምና ሞክሬዋለሁ። ጣቴ ያው በረዶ፤
ዓይኔን ያሸሁ ጊዜ ግን ዓይኔ ጠፋ ነዶ።

ከሃኖይ የሚመጡ ወጣቶች፣ ሞተራቸው ትልቅ፣
እጀታው በኤሌክትሪክ እንደ ዳቦ የሚሞቅ፤
አንዱ አስጨብጦኝ ነበር፤ የሰው እጅ መሰለኝ፤
ደንግጬ ለቀቅሁት።
ሳቀብኝ።

የዶንግ ቫንን ዳገት ስጀምር፣ ነፋስ መንገድ ዘጋ፣
እንደ ሽፍታ ቆሞ፣ ፊቴን እየወጋ፦
«እጅ ስጥ!» አለኝ።
አልሰጥም አልኩኝ።

ግራ እጅ ዕድሉ ነው፤ ፍሪሲዮን ለቅቆ
ከጭኔ ሥር ገብቶ ይወጣል ተሟሙቆ።
ቀኝ ግን ወዮለት፤ ነዳጅ ሰጪው እሱ፣
ቢለቅ ሞተር ይቆማል፣ ባይለቅ ደረቀ ራሱ።
መጀመሪያ ያማል፤ ቆይቶ ይነዝራል፤
ሕመሙ ሲተውህ፣ ያኔ ያስፈራል።

አዋላጇ ቾ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣
በር ላይ ጠበቀችኝ የሞተር ድምፅ ሰምታ።
ተፈናጠጠች፤ ነገር ሳታበዛ
እጆቿን ከጃኬቴ ሥር፣ ከሆዴ ላይ ይዛ
«ሙቀትህን አበድረኝ፤» አለች፣ «አትቀየም፤
በቀዘቀዘ መዳፍ ምጥ አይዳሰስም።»

እንዲህ ተመለስን፤ አራት እጅ ባንድ ሞተር፣
ሁለቱ ምድጃ ሥር፣ ሁለቱ በረንዳ ዳር።
የታጨደ በቆሎ፣ አገዳው የቀረ፣
ከዓለት ስንጥቅ ቆሞ እንደኔው ይንቀጠቀጥ ነበረ።
ነፋሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ እንደገና፦
«እጅ ስጥ!»
አልሰጥም፤ አደራ አለብኝና።

ስንደርስ ቾ ገባች። እኔ ውጪ ቀረሁ።
ፌስታሉን በጥርሴ ቀደድኩ፤ ካልሲውን አወለቅሁ።
ጣቶቼን ቆጠርኩ፤ አሥር ናቸው፤ አሉ፤
ግን የሌላ ሰው ናቸው፤ ምን ብላቸው ዝም ይላሉ።

ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ ረጅም ዝምታ፤
ቀጥሎ ሳል፤ ቀጥሎ ለቅሶ፣ የበረታ
(ልክ እንደ ሞተሬ፣ በስምንተኛው ርግጫ)።
«ግባ! ሴት ናት፤ ና ያዛት!» ብትለኝ
ደፉ ላይ ቆምኩኝ፤ እጄ አሳፈረኝ።
ባዶ እጅ አልፈራሁም፤ የፈራሁት ቀዝቃዛ እጅ ነው፤
በረዶ ነው እንዴ የአባት ሰላምታው?

ሮጬ ወጣሁና ከሞተሬ ጎን ተንበረከክሁ፤
ገና ትግላለች፤ ከሲሊንደሯ ላይ መዳፌን ዘረጋሁ።
ያ ሁሉ ዳገት፣ ያ ሁሉ እርግማን፣ ያ የነደደ ቤንዚን
እዚያች ብረት ውስጥ ተጠራቅሞ ኖሯል ለዚህ ቀን።
ቀስ በቀስ ጣቶቼ እያለቀሱ ተመለሱ፤
ከአውራው በፊት የደረሰው ሌባ ጣት ነው፣ እሱ።

ገባሁ፣ ቤንዚን ቤንዚን፣ ዘይት ዘይት እየሸተትኩ።
ቾ «እጅህን ስጥ» አለች።
ሳቅሁ።
ያን ያህል ነፋስ ስጥ ሲለኝ ያልሰጠሁ፣
ቀይ፣ ጨምዳዳ፣ ስም እንኳ ያልወጣላት
አንዲት ፍጡር ጣቴን ጨብጣ ብትይዘኝ፣
ሰጠሁ።

እናቴ ከጉንጯ ላይ የዘይት አሻራ አይታ
ጨርቅ ነከረች በሙቅ ውሃ፣ ተቆጥታ።