መነጽሬን ረስቼ

ሠላሳ ሰባት ዓመት ጠመኔ ስትተነፍስ የኖረች ሴት፣
ጡረታ ስትወጣ ምን ይሆናል ቤቷ? ጸጥ ያለ የክፍል ቤት።
ደወል የለ። ሰልፍ የለ። «እሷ ናት የነካችኝ» የሚል ክስ የለ፤
ቀዩ እስክሪብቶዬ ብቻ፣ እንደ ለመደ ውሻ፣ ደጅ ደጁን እያለ።
ቤቴ ኮረብታ ላይ ነው፣ ቫልፓራይሶ፤ ከባሕሩ ሁለት መቶ ደረጃ በላይ፤
ጀልባዎቹን በየስማቸው፣ እንደ ተማሪ ስም ጥሪ፣ በየጠዋቱ የማይ።

ጋዜጣውን አረምሁ። የመብራት ደረሰኙን አረምሁ።
የዳቦ ሻጩ ሰሌዳ ላይ፣ «ትኩስ» በሚለው ቃል፣ ሁለት ስሕተት ቆጠርሁ።
«ሴንዮራ ኦሪያና፣» አለኝ፣ «ዳቦው ይሞቃል ወይ ብለው ይጠይቁኝ፣
ፊደሉን ግን ይተውት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሱ ነው የሚያውቁኝ።»

ጓደኞቼማ ቦታ ቦታቸውን ያዙ።
አማዶር፣ የታሪክ መምህሩ፣ ሆስፒታል ሄዶ ለታመሙ ልጆች ተረት ያነባል፤
ድምፁ እንደ መጋዝ ነው፤ ልጆቹ ግን «ድገም» ይሉታል።
ኢልዳ፣ ሒሳብ ያስተማረች፣ ገበያ ዳር የመበለቶችን ፎርም ትሞላለች፤
«ስንት ልጅ?» ብላ ጠይቃ፣ መልሱን ሰምታ፣ አብራ ታለቅሳለች።
እኔን ደግሞ ዓሣ አጥማጆቹ ጠሩኝ። ማክሰኞ ማታ፣ ከወደቡ ሥር፤
ስምንት ሽማግሌ፣ አንድ አምፖል፣ ወንበሩ የዓሣ ሣጥን፣ ሰሌዳው አሮጌ በር።

ከስምንቱ አንዱን አወቅሁት። ኤሌውቴሪዮ።
ከሃያ ዓመት በፊት፣ ልጁ መስኮት ሰብሮ፣ ቢሮዬ ጠራሁት፤
«ያንብቡና ይፈርሙ» ብዬ ወረቀት ሰጠሁት።
አራቀው፣ አቀረበው። ባርኔጣውን በእጁ አሸ፤
«መነጽሬን ረስቼ ነው» አለኝ፣ ድምፁ እንደ ጨው እየሟሸሸ።
እኔም በልቤ «ግድ የለሽ አባት» ብዬ ጻፍሁበት፤
በቀይ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳልሰርዝ ኖርሁበት።

አሁን ፊደል ሰጠሁት። አየው፣ አየኝ፣ ኪሱን ዳበሰ፤
«መነጽሬን…» ብሎ ጀመረ። አልጨረሰ።
መጋዘኑ ዝም አለ፤ ባሕሩ ብቻ ድንጋይ ያላምጣል፤
«ችግር የለም፣» አልሁ፣ «ይህ ፊደል በእጅም ይዳሰሳል።»
አውራ ጣቱን ይዤ፣ በጠመኔው መንገድ፣ ቀስ አድርጌ መራሁት፤
መንጠቆ የበላው ጣት ነው፤ ግን እንደ ሕፃን ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ክረምቱ ወጣ። አንድ ማክሰኞ ቀድሞ መጣ፤ ፊቱ ተለውጧል፤
«መምህር፣» አለ፣ «የጀልባዬ ስም ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል።»
ሚስቱ ኤርሜሊንዳ ነበረች፤ ሳንባዋን ታማ የሞተች ገና ሳትሸብት፤
ሠዓሊው ቸኩሎ፣ ወይም ሰክሮ፣ «ኤርሜሊዳ» ብሎ ጻፈላት።
«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሌላ ሴት ጀልባ ስቀዝፍ ኖርሁ!
ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» «ነበር፣» አልሁት፤ «በየጠዋቱ ከመስኮቴ አያለሁ።»
የዳቦውን ሰሌዳ ያልማርሁ እኔ፣ ይህን ለምን ዝም አልሁ?
እንጃ። እስካሁንም እንጃ እላለሁ።

እሱ ግን አልተቆጣም። በማግስቱ ቀይ ቀለም ገዝቶ፣
በ«ሊ» እና በ«ዳ» መካከል፣ ደብተር ላይ እንደምሠራው፣ ትንሽ ጣሪያ ሠርቶ፣
ከጣሪያዋ በላይ አንዲት «ን» ሰቀለ፤ አንገቷ የጠመመ።
«ለምን ሁሉንም ፍቀህ አልጻፍህም?» ስለው፣
«ይታይ» አለኝ፣ «መምህር፤ ሰው ይወቅ እንደታረመ።»

ባለፈው ማክሰኞ፣ ትምህርቱ ሲያበቃ፣ የመረብ መርፌ አቀበለኝ፤
«ዛሬ ደግሞ እኔ ላስተምር» ብሎ ሣጥን ላይ አስቀመጠኝ።
ክሩ በቀኝ፣ ዞሮ በታች፣ ተመልሶ በቀለበቱ።
ሞከርሁ። ተፈታ። መነጽሬን ወደ ላይ ገፋሁ፤ ደገምሁ፤ ተፈታ።
ሰባቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ሳቃቸውን ዋጡ።
ጆሮዬ ቀላ። በአራተኛው፣
ኤሌውቴሪዮ መርፌውን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና፦
«ምንም አይደል፣» አለ፣ «መነጽርዎን ረስተው ነው፣ ሴንዮራ ኦሪያና።»