ታቹ ሁለት

ሰኞ ገበያ ላይ፣ ከቆርቆሮ ተራ፣
ሳጥኑን አገኘሁት፣ ምስማር ሲሸጥበት ከአሮጌ ብሎን ጋራ።
ክዳኑ ላይ ጽሑፍ፣ ግማሹ የተላጠ፦
«አሊጋዝ ምትሀቱ፣ ሰው በመጋዝ የቆረጠ»።

ሦስት ዓመት ለቀምሁ፦ የትኬት ቅዳጁን፣
ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ማጠፊያ የበየደለትን የዚያን ሽማግሌ እጁን።
ዘመኑን ስጠይቅ አንዱ ስልሳ አንድ ይለኛል፣ ሌላው ስልሳ አራት፤
አዳራሹ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል፣ መድረኩ ያለ መብራት።

የቀሩት እትዬ ዘምዘም ናቸው፤ ሙጋድ፣ ከቦኖው በላይ፣ የብረት በር፤
ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ከሁለት ይቆረጡ ነበር።

የጦሳ ጉም ወርዶ መስኮታቸውን ሸፈነው።
መቅረጫ ከፈትሁ። «ሳጥኑን ለካሁት፣ ታቹ ሁለት ነው፤
እንዴት ነበር የሚገቡት?»
ሳቁ።
«ለክተህ ካወቅህማ እኔ ዘንድ ምን ልትሠራ መጣህ?
ሻዩስ ቀዘቀዘ፣ ለምን አልጠጣህ?

«ጉልበቴን አጥፌ፣ በጨለማ፣ ሕዝቡ ሲንጫጫበት፣
እስትንፋስ እቆጥር ነበር፤ ሠላሳኛው ላይ ነው አሊጋዝ መጋዙን የሚያቆምበት።
ያው ጉልበት ዛሬም፣ ክረምት ሲገባ፣ ይጠዘጥዘኛል፤
እሱን ጻፍበት።»

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የአንድ ብር ሳንቲሜን አነሱ፤
እፍ። መዳፋቸው ባዶ። «መግሪብ ደረሰ» ብለው ተነሱ።

ማታ ቴፑን ሰማሁት፦ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ፣
የሳቸው ሳቅ፣ የኔ «እንዴ!»፤ ብልሃቱ በድምፅ አይታይ።

መዝገቡ ላይ፦ «ሳጥን፤ የዋንዛ፤ ታቹ ሁለት፤ ቁጥር ሰባት» ብዬ ጻፍሁኝ።
ሳንቲሟን ግን፣ ኮቴን ገልብጬ ብፈትሽ፣ አጣሁኝ።